ስላይድ እንለዋወጥ፦ ለሳይቶሎጂ ላቦራቶሪ የብቃት ፈተና ማስጀመሪያ ዝርዝር መመሪያ

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ "ፒቲ (የብቃት ፈተና) መጣ" ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። ፓናሉ፣ ማለትም የፈተና ናሙናዎቹ ስብስብ፣ ይደርሳል። ናሙናው ይሠራል። ውጤቱ ይላካል። ቆይቶ ነጥቡ ይመለሳል። ለኤችአይቪ፣ ለወባ፣ ለኬሚስትሪ የተለመደ ነገር ነው። የአክታ ስላይድ የሚያነብ ባለሙያም ካነበባቸው መካከል የተወሰኑት ተመርጠው፣ የእሱን ውጤት በማያውቅ ሌላ ሰው ዳግም እንደሚነበቡ ያውቃል።

ሴልን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን ወደሚለየው ወደ ሳይቶሎጂ ክፍል ስንመጣ ግን ነገሩ ቀዝቀዝ ይላል። እዚህ ሐዋሳ ከከተማውም፣ ከሲዳማ ገጠርም፣ ከአጎራባች ዞኖችም ታካሚ ይመጣል። አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበት ወጣት አለ። እንቅርት ያላት እናት አለች። ጡቷ ላይ ጠጣር ነገር ዳስሳ የደነገጠች ሴት አለች። በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙናቸው ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ይቀለማል፣ ይነበባል። የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ያ ሰው ዛሬ በትክክል አይቶ እንደሆነ ከውጭ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የለም።

እኔ እዚሁ ከተማ ሳይቶሎጂ እሠራለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ስላይድ መለዋወጥ ከጀመርን ወዲህ ስለ ራሴ አነባበብ ያወቅኩት ነገር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ካወቅኩት ይበልጣል። ስለዚህ እንዴት እንደሚጀመርና የት የት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ማይክሮስኮፕ አላችሁ፣ ስላይድ አላችሁ። የሚጎድለው ስምምነትና ትዕግሥት ነው።

ለምን መለዋወጥ?

የኬሚስትሪ ፒቲ የሚቀልበት ምክንያት አለው። ብዙ ሴረም በአንድ ላይ ይዘጋጅና በብልቃጥ ይከፋፈላል። ሁሉም ላቦራቶሪ ያንኑ ይሠራል። የመርፌ ናሙና ግን አይባዛም። ከአንዲት እናት እንቅርት ሦስት ስላይድ ብትሠሩ ሦስቱም ይለያያሉ። አንዱ ላይ ሴል ሞልቷል፣ አንዱ ላይ ኮሎይድ (የእንቅርቱ ዝልግልግ ፈሳሽ) ብቻ ነው፣ አንዱ ደም ነው። ስለዚህ ስላይዱ ራሱ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ መዞር አለበት።

ፎቶ መላክ ይቀላል፤ በስልክም ይቻላል። ነገር ግን ፎቶ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ነው የሚሰጣችሁ። የት እንደምታዩ ሌላ ሰው መርጦላችኋል። ሳይቶሎጂ ውስጥ ደግሞ ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ ሴሉን ማግኘቱ ነው። ፎቶን ለመማማሪያ፣ ስላይድን ለፈተና ብትጠቀሙ እመርጣለሁ።

ደንቡም ከዚህ ጋር ነው። የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15189፣ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ እትምም ጭምር፣ ላቦራቶሪው በውጭ የጥራት ምዘና እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ለአንድ ምርመራ ተስማሚ ፕሮግራም ካልተገኘ ሌላ መንገድ መጠቀም አለበት። ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ናሙና መለዋወጥ አንዱ ነው። ስለዚህ ገምጋሚ መጥቶ ሲጠይቃችሁ "ለሳይቶሎጂ ፒቲ አልመጣልንም" ማለት በቂ መልስ አይሆንም።

የአሜሪካኖቹን ታሪክ ማወቅም ይጠቅማል። በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ የማህፀን በር ስላይድ የሚያነቡ ላቦራቶሪዎችን ጉድ አወጣ። አንባቢዎች በስላይድ ቁጥር ይከፈላቸው ነበር። ከአቅም በላይ ያነቡ ነበር። ካንሰር እያለባቸው "ነጻ ነሽ" የተባሉ ሴቶች ነበሩ። በ1988 ክሊያ የሚባለው ሕግ ወጣ። አንድ አንባቢ በቀን ከ100 ስላይድ በላይ እንዳያነብ፣ ያንንም ከ8 ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንዳይጨርስ ተከለከለ። እያንዳንዱ አንባቢ በየዓመቱ እንዲፈተንም ታዘዘ፦ 10 ስላይድ በ2 ሰዓት፣ ማለፊያው 90። በአገር አቀፍ ደረጃ ፈተናው በእርግጥ የተጀመረው ግን በ2005 ነው። ሕጉ ከወጣ 17 ዓመት አለፈ ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዳለ እንድትገለብጡ አይደለም የማነሳቸው። የእነሱ ፈተና ለማህፀን በር ስላይድ የተሠራ ነው። እኛ ጋ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ በአብዛኛው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በማየትና በኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የሚከመረው የመርፌ ናሙና ነው። ፈተናችንም እሱን መምሰል አለበት።

ደረጃ 1፦ አንድ ገጽ ስምምነት

ሦስት ላቦራቶሪ ይበቃል። ሐዋሳ ውስጥ ካልሞላችሁ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በይርጋለምም በዲላም አቅጣጫ ሳይቶሎጂ የሚሠራ ባልደረባ ካላችሁ ጠይቁት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እዚህ ሦስት ይሻላል፤ ሁለት ላቦራቶሪ ሲለያዩ ማን እንደሳተ ለማወቅ ይቸግራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ 5 ስላይድ ያዋጣል። በድምሩ 15 ይሆናል። ማንም በራሱ ስላይድ አይፈተንም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሌሎቹን 10 ያነባል። ላቦራቶሪዎቹን ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሀ የለን፣ ለ የሐን፣ ሐ የሀን ስብስብ ይይዛል። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ይቀያየራሉ። አንድ ዙር በአንድ ወር ያልቃል። በዓመት አራት ዙር ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልቻላችሁ ሁለት።

በስምምነቱ ላይ አስተባባሪው ማን እንደሆነ፣ መልስ የሚገባበት ቀን፣ የስላይዱ ባለቤት ማን እንደሆነና ቢሰበር ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። አስተባባሪነቱ በየዙሩ ይዙር።

አንድ ነገር ግን በደማቁ ይጻፍ፦ የዚህ ፈተና ውጤት ለደመወዝ፣ ለዕድገት ወይም ለቅጣት አይውልም። ኃላፊው ይፈርምበት። ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። ሰው ከፈራ ይጠይቃል። ስላይዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልካል። መልሱ ትክክል ሆኖ ይመጣል፣ ሁሉም መቶ ያገኛል፣ ታካሚው ግን ምንም አላተረፈም። እንደዚያ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ስላይድ መምረጥ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ፈተናው የሚረባውም የማይረባውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ የታካሚው ጥቅም። ለምርመራው መሠረት የሆነው ስላይድ አንድ ብቻ ከሆነ ከቤት አይወጣም። ታካሚዋ ነገ አዲስ አበባ ተልካ ሐኪሟ "ስላይዱን አምጡ" ቢል ምን ትሰጣላችሁ? ከአንድ ታካሚ ሁለትና ከዚያ በላይ ጥሩ ስላይድ ካለ ብቻ አንዱን አዋጡ። ሌላው ማኅደር ውስጥ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛው መልስ ከየት መጣ? "ዋናው ዶክተር እንዲህ ብለዋል" ማስረጃ አይሆንም። ካንሰር ያላችሁት በባዮፕሲ (ከአካል ተቆርጦ በተወሰደ ሥጋ ምርመራ) የተረጋገጠ ይሁን። የንፍፊት ቲቢ ያላችሁት በጂንኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል በሚፈልገው ማሽን) ወይም በአሲድ ፋስት ቀለም ባሲለሱ የታየበት ይሁን። ከዚያ ሦስት ፓቶሎጂስቶች ለየብቻቸው፣ ሳይነጋገሩ ያንብቡት። ሦስቱም ካልተስማሙ ስላይዱ ለነጥብ አይውልም። ክሊያም ለፈተና ስላይድ የሦስት ሐኪሞችን ሙሉ ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማሙበትን ስላይድ ግን አትጣሉት፤ ለውይይት ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ድብልቁ። የዕለት ሥራችሁን ይምሰል። ብርቅ ነገር ፈልጎ ማምጣት ያጓጓል። ይገባኛል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን በዓመት አንዴ የሚመጣ ዕጢ ላይ መሳሳት ብዙ አያስተምርም። ሰውን የሚጎዳው በየሳምንቱ የሚመጣው ላይ የምንሠራው ስህተት ነው። ከአምስቱ ስላይድ አንዱ ንፍፊት፣ አንዱ እንቅርት፣ አንዱ ጡት፣ አንዱ የሆድ ወይም የደረት ፈሳሽ፣ አንዱ ነጻ ምርጫ ይሁን። ከንፍፊቶቹ መካከል ቲቢ ይኑር፣ ለኢንፌክሽን ምላሽ ብቻ ያበጠም ይኑር፣ ካንሰር የደረሰበትም ይኑር። ሦስቱ የሚምታቱት እርስ በርስ ነውና።

ከ15ቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ስላይድ ለምርመራ የማይበቃ ይሁን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። "አይበቃም" ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ታካሚው ሁለተኛ መርፌ ይወጋል፣ ሐኪሙም ይበሳጫል። ስለዚህ ባዶ ስላይድ ላይ "ካንሰር አልታየም" ይጻፋል። በእንቅርት ላይ የቤተስዳ ሥርዓት (የእንቅርት መርፌ ናሙና ውጤት የሚመደብበት ሥርዓት) ቁጥሩን አስቀምጦልናል፦ ቢያንስ 6 የፎሊኩላር ሴል ስብስቦች፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ሴል የያዙ። ኮሎይድ የበዛበት፣ ብግነት ያለበት ወይም የሚያጠራጥር ሴል የታየበት ስላይድ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። ማንበቢያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ድንበር ላይ ያሉ ስላይዶችን፣ ለምሳሌ በቤተስዳ ሦስተኛ ክፍል የሚወድቁትን፣ ነጥብ አትስጡባቸው። እነሱ ላይ ጠበብቱም አይስማሙም።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት፣ ኮድ መስጠት፣ መላክ

ስላይዱ ላይ ፓቶሎጂስቱ ያደረገው የቀለም ነጥብ አለ? እሱ መልሱን ይናገራል። ነጥቡ ያለበት ቦታ ላይ ሄዶ ማየት ንባብ አይባልም። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ከሽፋኑ መስታወት ላይ በቀስታ ጥረጉት። ዛይሊን አትጠቀሙ፤ ሽፋኑን ያጣበቀውን ያሟሟዋል። በራይት (በአየር ለደረቀ ስላይድ በሚሆነው ቀለም) የተቀለመና ሽፋን የሌለው ስላይድ ከሆነ መጀመሪያ በዲፒኤክስ ማጣበቂያ ሸፍኑት። ካልተሸፈነ አንዱ ዘይት ያፈስበታል፣ ቀጣዩ ዘይቱን ሲጠርግ ሴሎቹን ይዞ ይሄዳል።

የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር በወረቀት ይሸፈን። አዲሱ ኮድ በእርሳስ ይጻፍ። የኮዱና የመልሱ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ አስተባባሪው ጋ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ስላይድ ጋር ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቦታ፣ የእብጠቱ መጠንና የቆየበት ጊዜ ይላክ። የ19 ዓመት ወጣት ንፍፊትና የ60 ዓመት አዛውንት ንፍፊት አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም። መረጃውን ደብቆ መፈተን ሰውን ማታለል ነው የሚሆነው።

ከመላካችሁ በፊት ዋና ዋና ቦታዎችን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ የፕላስቲክ ስላይድ ሳጥን፣ ዙሪያውን ጥጥ። ሳጥኑን ሰው በእጁ ይዞት ይሂድ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን። በመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይም አይቀመጥ፤ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የተረከበው ሰው ቆጥሮ፣ ስንጥቅ ካለ ጽፎ ይፈርም።

ደረጃ 4፦ እንደማንኛውም ስላይድ ማንበብ

የብቃት ፈተና ዋጋ የሚኖረው ስላይዱ የታካሚው ስላይድ በሄደበት መንገድ ከሄደ ብቻ ነው። ሥራው አልቆ፣ በር ተዘግቶ፣ ቡና ቀርቦ አምስቱን ስላይድ በተርታ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ከዕለቱ ሥራ ጋር ቀላቅሏቸው። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት። በወቅቱ ተራው የሆነው ሰው ያንብብ። ጎበዙን ብቻ መርጣችሁ አታስነብቡ። ለታካሚ ሁለተኛ አንባቢ የማታስገቡ ከሆነ እዚህም አታስገቡ። ለታካሚ የምታማክሩ ከሆነ እዚህም አማክሩ።

መልስ እስኪገባ ድረስ ከሌሎቹ ላቦራቶሪዎች ጋር ስለ ስላይዱ ማውራት አይቻልም። ይህ በመግቢያው ስምምነት ላይም ይኑር።

ሁለት ቅጽ አዘጋጁ። አንዱ የላቦራቶሪው መልስ ነው፤ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሪፖርት ማለት ነው። ሌላው የእያንዳንዱ አንባቢ የግል መልስ ነው፤ ለራሱ የሚቀመጥ። በሁለቱም ላይ የተነበበበት ቀን፣ ሰዓትና የወሰደው ደቂቃ ይጻፍ። ሰዓቱ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ማይክሮስኮፑን እዩት። የ40 ሌንስ ላይ ዘይት መቅረቱን በየቦታው አያለሁ። ሰው በ100 ያይና ወደ 40 ሲመልሰው ሌንሱ ዘይቱን ይነካል። ከዚያ ኒውክለሱ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል፣ እኛም ስላይዱን እንወቅሳለን።

ቀለሙም ይፈተን

በየዙሩ አንድ ስላይድ ከንባቡ ውጭ ለቀለም ጥራት ላኩ። ምርጡን አትምረጡ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ የተሠራውን የመጀመሪያውን ስላይድ ላኩ። ሌሎቹ ኒውክለሱ ውስጥ ያለው ክሮማቲን ጥርት ብሎ ይታይ እንደሆነ፣ የሳይቶፕላዝሙን ቀለም፣ የጀርባውን ንጽህናና የሽፋኑን አረፋ አይተው ከ5 ነጥብ ይስጡ።

እኛ ጋ በተደጋጋሚ የሚበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የራይት ባፈር ነው። ፒኤቹ 6.8 መሆን አለበት። ከፍ ሲል ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል፣ ዝቅ ሲል ይቀላል። በቧንቧ ውሃ አታዘጋጁት፤ የእኛ አካባቢ ውሃ አልካሊ ሊሆን ይችላል። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙና ፒኤቹን ለኩ። ሁለተኛው ለፓፓኒኮላው ቀለም የታሰበ ስላይድ አልኮል ሳይገባ መድረቁ ነው። ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የሚቀባው ናሙና) እንደተቀባ ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ መግባት አለበት። በሐዋሳ ሙቀት በሰከንዶች ነው የሚደርቀው። የደረቀ ሴል ያብጣል፣ ኒውክለሱም ይፈዛል። ያበጠ ኒውክለስ ደግሞ ካንሰር ይመስላል። ብልቃጡ ክዳኑ ተከፍቶ ታካሚው አጠገብ ይዘጋጅ፤ ለራይት የሚደርቀው ደግሞ ለብቻው።

ደረጃ 5፦ ነጥብ

መልሱን በአራት ክፍል አድርጉት፦ አይበቃም፣ ካንሰር ያልሆነ፣ አጠራጣሪ፣ ካንሰር። ከሥሩ ዝርዝር ምርመራው በቃል ይጻፍ። ትክክል ከሆነ 10። በአንድ እርምጃ ከሳተ፣ ማለትም ካንሰሩን አጠራጣሪ ካለው፣ 5። የበቃውን አይበቃም ካለ ወይም ያልበቃውን ካንሰር ያልሆነ ካለ 0።

ካንሰሩን ካንሰር አይደለም ያለ ከዜሮ በታች ይውረድ፤ ነጥቡ 5 ይቀነስበት። ይህን ከክሊያ ወስደነዋል። ከእነሱ የተለየንበት ግን አንድ ቦታ አለ። በእነሱ ፈተና ጤናማውን ካንሰር ያለ ፓቶሎጂስት ዜሮ ያገኛል እንጂ አይቀነስበትም። ይህ ለማህፀን በር ስላይድ ይገባል። ከስላይዱ በኋላ ኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን በማጉያ መሣሪያ ማየት) እና ባዮፕሲ አለ፤ ስህተቱ እዚያ ይታረማል። የጡት መርፌ ናሙና ግን ሌላ ነው። ባዮፕሲ በቶሎ በማይገኝበት ቦታ "ካንሰር" የሚለው ቃል ሴቲቱን በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊወስዳት ይችላል። ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠት) ይዛ መጥታ ጡቷን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ እኛ በሁለቱም አቅጣጫ 5 እንቀንሳለን። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ እመክራለሁ።

"ካንሰር ያልሆነ" በሚለው ውስጥም ልዩነት አለ። ቲቢውን "ለኢንፌክሽን ምላሽ" ያለ ሰው ክፍሉን አግኝቷል፤ ታካሚው ግን መድኃኒት ሳይጀምር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህም 5 ብቻ ስጡ።

አራት ዙር ሲሞላ 40 ስላይድ ይሆናል። ያኔ የስምምነቱን መጠን በካፓ (በዕድል የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ በሚለካው ቁጥር) አስሉት። በምሳሌ ላሳይ። ከ40ው ትክክለኛው መልስ 28ቱን ካንሰር ያልሆነ፣ 12ቱን ካንሰር ወይም አጠራጣሪ ብሏል እንበል። ላቦራቶሪያችሁ 26 እና 14 ብሏል። ሁለቱም ካንሰር ያልሆነ ያሉት 24 ነው፣ ሁለቱም ካንሰር ወይም አጠራጣሪ ያሉት 10። ስለዚህ ስምምነቱ 34 ከ40፣ ማለትም 0.85 ነው። ደስ ይላል። ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰውም የተወሰነውን ያገኛል። በዕድል የሚገኘው እንዲህ ይሰላል፦ 28 በ26 ሲባዛ 728፣ 12 በ14 ሲባዛ 168፣ ድምሩ 896፤ ለ1600 ሲካፈል 0.56። አሁን ከ0.85 ላይ 0.56 ቀንሱ፣ 0.29 ነው። ይህን ለ0.44 ስታካፍሉት 0.66 ይመጣል። 0.44 የተገኘው ከ1 ላይ 0.56 ሲቀነስ ነው። በተለምዶ ከ0.61 እስከ 0.80 ጥሩ ስምምነት ይባላል። ከ0.85 ወደ 0.66 መውረዱ ሰውን ያስደነግጣል፤ ግን እውነተኛው ቁጥር ይኼኛው ነው።

ደረጃ 6፦ ስህተቱን መፍታት

ነጥቡን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማል። ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። እባካችሁ እዚህ አታቁሙ።

ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በአንዱ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ የጎን አንገት ንፍፊት ስላይድ ነበር። እኔ "ለኢንፌክሽን ምላሽ ያበጠ" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ከእንቅርት የመጣ ፓፒላሪ ካንሰር ነበር። ስላይዱ ተመልሶ ሲመጣ የስሚሩ ጫፍ ላይ ሴሎቹ ቁጭ ብለዋል። ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ትላልቅ ሴሎች ሲቀባ ወደ ስሚሩ ጫፍ እንደሚገፉ ለተማሪዎች የምናገረው እኔ ነኝ። ጫፉን አላየሁትም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቅጹን ስናይ ያነበብኩበት ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይላል። የዕለቱ የመጨረሻ ስላይድ ነበር። የወሰደብኝም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ችግሩ ሰዓቱና ጥድፊያው ነበር። ለዚያ ደግሞ አትላስ ማንበብ መድኃኒት አይሆንም።

ስለዚህ ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ለተሳሳተው አንባቢ ስላይዱን መልሳችሁ ስጡት። መልሱን አትንገሩት። ሴሎቹ ያሉበትን ቦታ ብቻ አሳዩትና "ይህ ምንድን ነው?" በሉት። ወዲያው ካወቀው መጀመሪያ ላይ ሴሉን አላየውም ነበር ማለት ነው። አሁንም ከሳተው አይቶት ነው የተሳሳተው። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው። ሴሉን ያላየ ሰው የሚያስፈልገው የአነባበብ ዲሲፕሊን ነው። በ10 ሌንስ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በመስመር በመስመር፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ትንሽ እየተደረበ ያንብብ። ጫፎቹም አይቅሩ። በቀን የሚያነበው ቁጥር ይታይ። አስቸጋሪዎቹ ጠዋት ይነበቡ። እኛ ከዚያ ወዲህ ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ ስላይድ አንጀምርም። አስቸኳይ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ዳግም ይታያል።

አይቶ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል። ተመሳሳይ፣ የተረጋገጡ ስላይዶችን ከማኅደር አውጡለት፤ አሥር ፓፒላሪ፣ አሥር ኮሎይድ ጎይተር (ካንሰር ያልሆነ እንቅርት)። ጎን ለጎን ያንብብ። ከወር በኋላ ሌላ ኮድ ሰጥታችሁ ያንኑ ስላይድ መልሱለት።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ የጽሕፈት ስህተት። ስላይድ 4 ላይ ያነበበውን ስላይድ 7 ላይ ይጽፋል። ነጥቡን ሲያይ "እንዴ፣ እኔ አውቄዋለሁ እኮ!" ይላል። ይህን እንደ ቀላል የሚያልፉ አሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። በፈተና ላይ ቁጥር ከተቀያየረ በታካሚም ላይ ይቀያየራል፤ ያኔ ሁለት ሰው በአንዴ ይጎዳል። መድኃኒቱ አንድ ስላይድ፣ አንድ ወረቀት ነው። ስላይዱ ከማይክሮስኮፑ ሳይወርድ ኮዱ ድምፅ ወጥቶ ተነብቦ ይጻፍ።

ከዚያ ሁሉም ተሳታፊ ይሰብሰብ። እኛ ዓርብ ከሰዓት አድርገነዋል። ስላይዱ በማይክሮስኮፕ ካሜራ ስክሪን ላይ ይታያል። የላቦራቶሪ ስም አይነሳም፣ ኮድ ብቻ። ትክክል የመለሱትም ምን አይተው እንደመለሱ ይናገሩ፤ አንዳንዱ በተሳሳተ ምክንያት ትክክል ይሆናል።

ፋይሉ ውስጥ አምስት ነገር ይግባ፦ የመልስ ቅጹ፣ ነጥቡ፣ የስህተቱ ዓይነት፣ የተወሰደው እርምጃና እርምጃው መሥራቱ የታየበት ቀን። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ባዶ ትቀራለች። ገምጋሚም መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ ታካሚው መመለስ

ፈተናው ላይ የታየ ስህተት በታካሚ ላይም ደርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ያው አንባቢ፣ ያው የናሙና ዓይነት፣ ባለፉት ሦስት ወራት። የእኔ ጊዜ ከ10 ሰዓት በኋላ ያነበብኳቸውንና "ምላሽ ብቻ" ያልኳቸውን የአንገት ንፍፊቶች በሙሉ አወጣን። ሌላ ባልደረባ ውጤቴን ሳታይ አነበበቻቸው።

የሚለወጥ ውጤት ከተገኘ የድሮው ሪፖርት አይቀደድም፣ አይሰረዝም። "የተሻሻለ ሪፖርት" ተብሎ አዲስ ይወጣል። ምን እንደተለወጠና የተለወጠበት ቀን በግልጽ ይጻፋል። ሪፖርቱን ላኪው ሐኪም ጋ በእጅ አድርሱ። በስልክም ንገሩት። ያናገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። ሐኪሙ ከተዛወረ የመርፌ ናሙና ሲወሰድ ካርዱ ላይ የተጻፈው የታካሚው ስልክ አለ። ታካሚው ገጠር ከሆነና ስልኩ ካልሠራ በቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል "ለቀጠሮ ይምጡ" ብቻ ተብሎ ይነገረው። ምርመራው ምን እንደሆነ በመልእክት አይላክ። ሲመጣም ለአዲስ መርፌ ካርድ አታስከፍሉት።